የክሊኒኩ ልጆች

«የሚያውቁኝ አይመስለኝም፣ እናቴ» አለ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ የገባው ሰው። «ልጅዎንም በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ግን የክሊኒኩ ልጅ ነኝ።»

እናትየው ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ነቀነቀች። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ እያለ የሚገባው በዝቷል። ሁሉም ልጇን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነው። ሻይ የሚያቀርቡት ጎረቤቶች፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ፈለቀ?» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ።

ልጇ አዋላጅ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ያበጠ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። እናትየው፣ «ከሱ ጋር ተጋብተሻል እንዴ?» ስትላት ትስቃለች። ክሊኒኩ ሊዘጋ፣ መሬቱም ለሆቴል ሊሰጥ ነው ሲባል፣ በዚያው ስልክ እዚያ የተወለደውን ሁሉ አፈላልጋ ሰበሰበችው። የትም ይኑር፣ ምንም ይሥራ፣ እዚያ መወለዱ ይበቃል። በሌላ ነገር ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ሰዎች ስለዚያች ግቢ ሲሆን አንድ አፍ ሆኑ። ጩኸታቸው አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ሹሞቹ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«ስልክ ይጮኻል እንጂ በር አይጠብቅም፣ እማ» አለች አንድ ማለዳ ጫማዋን እያሰረች። «በሩ ላይ ሰው መቀመጥ አለበት።»

ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሄደው ክሊኒኩ በር ላይ ተቀመጡ። ሩቅ ያለው ወሬውን አሰራጨ፤ በሩን የያዘው የሰፈሩ ሰው ነበር። ከዚያ የክሊኒኩን አልጋዎች ሊጭን የመጣ መኪና የኋሊት ወደ በሩ ሲመጣ፣ ከተቀመጡት አንዲት አሮጊት መነሳት አቃታት። አዋላጇ ገፍትራ አተረፈቻት። ራሷ አልተረፈችም።

እንግዳው ሻዩን ይዞ፣ «እኔ መስኮቱ ጋ ባለው ክፍል ነው የተወለድኩት» አለ። «እሷስ በየትኛው ነበር?»

«እሷ እዚያ አልተወለደችም» አለች እናትየው።

ጎረቤቶቹ ወደሷ ዞሩ።

«ያኔ ክሊኒክ የት ነበር? ምጤ ሲፋፋም በጋሪ ጭነው ወደ ሩቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። መንታ ነበሩ። እሷ መንገድ ላይ መጣች። ወንድሟ፣ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ትንፋሽ አልነበረውም። ክሊኒኩን ከዚያ ወዲህ ነው ሰፈርተኛው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው።»

ሰውየው የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንድም ቀን አልነገረችንም።»

«ለኔስ ስለ እናንተ መች ነገረችኝ? እንዲህ ናት። ነገር ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። አሁንም በሩ ላይ ሰው አለ?»

«አለ። ሹሞቹ መዝጋቱን ለጊዜው ትተነዋል ብለዋል። ያመናቸው የለም እንጂ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። እህቷ ክንዷን ያዘቻት። «ለቅሶ ቤት ጥለሽ የት ልትሄጂ? ሰው ምን ይላል?»

«እዚያም ለቅሶ ነው፣ እህቴ» አለችና በቀስታ ክንዷን አስለቀቀች።

በሩ ላይ የተቀመጡት ሲያይዋት ሊነሱ ተንቀሳቀሱ፤ በእጇ ከለከለቻቸው። መሃላቸው ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ትተውታል። ልጇ የወደቀችው የት እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ተንበርክካ ጠጠሩን በመዳፏ ጠረገች። አንዷ ልትረዳት እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይኝ፣ የኔ ልጅ» አለቻትና መሬቱ እስኪለሰልስ ድረስ ብቻዋን መጥረጓን ቀጠለች።