አስራ አራተኛው ነጋቲቭ

ሚጣ ዕድሜዋ ለአርባ አንድ ፈሪ ነው፤ ለአባቷ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ሦስት ዓመቷ ላይ ሳለች ነው። ፊቷን አታስታውሰውም። የምታውቃት ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነው፤ ቀኝ ጉንጯን ማርያም የሳመቻት፣ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን የገጠመች ሴት።

ፎቶዋ እየደበዘዘች ስትሄድ ሚጣ ጨነቃት። ይቺም ከጠፋች እናት አልነበረኝም ማለት ነው አለች ለራሷ። ስለዚህ የአባቷን የነጋቲቭ ካርቶኖች ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን ፎቶ አንሺ ነበር፤ የገዛ መነጽሩ የት እንዳለ ባያውቅም ነጋቲቮቹን በዓመትና በወር ለይቶ አስቀምጧል።

መጋረጃውን ዘጋች። የመብራት ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ካሜራዋን በማቆሚያው ቁልቁል አዞረችና ከቅርብ የሚያነሳውን ማክሮ ሌንስ ገጠመች። ፊልሙን እያራገፈች አንድ በአንድ ታነሳው ጀመር።

"መሃሉን በጣትሽ እንዳትነኪው" አላት አባቷ ከሶፋው ላይ፤ ስድስተኛ ጊዜው ነበር።

"አባዬ፣ ጓንት አድርጌያለሁ እኮ።"

"ጓንትም ውስጡ ጣት ነው።"

አስራ አራተኛው ላይ እናቷ ነበረች። ላፕቶፑ ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ስታደርገው ፊቷ ወጣ። ሚጣ ደስ ከማለቷ በፊት ደነገጠች። ምልክቱ ግራ ጉንጯ ላይ ነው።

"ፊልሙን ገልብጬ አስቀምጬው ነው መሰለኝ" አለች። ነገር ግን ጠርዙ ላይ የታተመው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይነበባል።

"አልተሳሳትሽም፤ የተገለበጠው የግድግዳው ነው" አለ አባቷ። "መጀመሪያ በትክክል አትሜ ስሰጣት 'ይቺ እኔ አይደለሁም፣ ፊቴን አጣመምከው' ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ራሷን የምታውቀው በመስታወት ነዋ። ገልብጬ ሳትምላት 'አሁን ገና እኔን አነሳህ' አለች። ከኩርፊያዋ ይሻለኛል ብዬ ሰቀልኩት።"

ሚጣን ሆድ ባሳት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርሽ ስትላት የኖረችው ሴት፣ ከመስታወት ውጭ ማንም ያላያት ሴት ናት።

አባቷ ወንበር ስቦ መጣና አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ። "ይቺ የእኔ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የምታየኝ። እንዴት ናፍቃኛለች።"

"እኔስ አባዬ? ታቅፋኝ ሳለች የማየው የትኛዋን ነበር?"

"ይቺን ነዋ። ይቺን ምልክት ካልነቀልኩ ብለሽ ጉንጯን ስትቧጥጪው ትውዪ ነበር።"

ሚጣ ጓንቷን አወለቀች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ የእናቷ ግራ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው። አባቷ ይህን ጊዜ አትንኪ አላላትም።