አንድ ጊዜ አንድ

ወጣቱ እንዳለው «ቀለም አይዘልቀኝም» ብሎ ካመነ ዐሥር ዓመት ሆነው። ያሳመኑት የገዛ አባቱ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው። ሽንዲ አጠገብ ዳዊት ሲያስተምሩት እስከ መጨረሻው መዝሙር አደረሱትና፣ እዚያ ላይ ክረምቱን ሙሉ «ድገም» ሲሉት ከረሙ። በቃሉ ቢወጣውም «ድገም»፣ አሳምሮ ቢያነበውም «ድገም»። በዐሥራ አራት ዓመቱ ዳዊቱን አጥፎ ፍኖተ ሰላም አጎቱ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ናቸው።

አሁን እዚያው ፍኖተ ሰላም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀምሯል። ደንቆሮ አለመሆኑን ለራሱ ሊያሳይ ነው እንጂ ሌላ ምን አመጣው! የመጀመሪያው ፈተና የማባዛት ሰንጠረዥ እስከ ዐሥራ ሁለት ማተም ነው፤ ያውም በሉፕ፣ ኮምፒውተሩን ራሱን እያስደጋገሙ። እንዳለው ኮዱን ጽፎ አስጀመረው።

«1 × 1 = 1» አለ ኮምፒውተሩ። ደግሞም «1 × 1 = 1»። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በዚያው ሞላ።

አሠልጣኟ ሳቢሃ መጥታ አየችና ሳቀች። «በየዙሩ አንድ ጨምር ሳትለው እንዴት ብሎ ሁለት ይድረስ?»

«በደንብ ከደገመው የሚያልፍ መስሎኝ።»

«ሺህ ጊዜ ቢደግመውስ! እሱ ምንም አላጠፋም እኮ። የምታሳልፈው አንተ ነህ።»

አንዲት መስመር ጨመረ። ሰንጠረዡ እስከ መቶ አርባ አራት ተንቆረቆረ። የሳቢሃ ቃል ግን ሌሊትና ቀን ከነከነው። ኮምፒውተሩ ካላጠፋ፣ እሱስ ያኔ ምን አጥፍቶ ነበር?

እሑድ ሰንጠረዡን በወረቀት አሳትሞ፣ በቡሬ አድርጎ ሽንዲ ወረደ። መሪጌታ አርጅተዋል። ጉልበታቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ወረቀቱን ሲሰጣቸው ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ቁጥር በቁጥር አዩት።

«የኔታ» አላቸው፤ መምህሩም ስለሆኑ አባባ ብሎ አያውቅም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያን ክረምት ምኑን ነበር የሳትኩት?»

መሪጌታ ወረቀቱን በቀስታ አጣጠፉት።

«አንዲት ቀለም አልሳትክም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እናትህን የቀበርን ዓመት ነው። ጨርሰሃል ካልኩህ ቅኔ ቤት ትሄድብኛለህ። ባዶ ቤት ፈራሁ፣ ልጄ።»

እንዳለው ተናደደም አዘነም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ራሱን ሲንቅ የኖረው ለዚህ ኖሯል። «እግዜር ይፍታዎ» ሊል አሰበና ተወው።

ከመንገዱ የቡሬው የመጨረሻ መኪና ክላክሱን አሰማ።

«በል ሂድ፣ እንዳያመልጥህ» አሉት መሪጌታ፣ ቀና ብለው ሳያዩት።

እንዳለው አልተነሳም።