የግራ እጆች

ሃምሳ ሁለት እጅ ባንዴ ወደ ላይ ወጣ። የኋላ ወንበር ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ቀና ብሎ አየና አንድ ነገር ጻፈ። መምህሯ የምታየው ግን ሌላ ነበር፤ ከሃምሳ ሁለቱ ቀኝ እጃቸውን ያነሱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ምስጢሩ የእሷና የልጆቹ ነው። መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ያነሳል፤ እሷ ቀኝ ቀኙን እየመረጠች ትጠራለች። ዘዴውን ያስተማራት የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር ነበር። «እጅ ከበዛ ጭንቅላት ማን ይቆጥራል?» ብሎ ስቆባታል። እሷ አልሳቀችም። ባለፈው ግምገማ ልጆቹ አፋቸውን ለጉመው ዝቅተኛ ነጥብ አሰጥተዋታል፤ ዛሬም ከተደገመ ሃያ ሁለት ዓመት ከቆመችበት ሰሌዳ ተነስታ የመጻሕፍት ክፍል ቁልፍ ያዥ መሆኗ ነው። ሰው ሲጨንቀው ምን የማያደርገው አለ! ባለፈው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያለማመደቻቸው እንግሊዝኛ ሳይሆን እጅ ማንሳት ነበር።

«‹ከትምህርት ቤት ቀረች› እና ‹ታማ ነበር› የሚሉትን የሚያገናኝልን መስተጻምር የትኛው ነው?»

«ቢኮዝ!» አለ አንዱ ባለ ቀኝ።

«ጎበዝ! ድንገት ሲያመን ከአፋችን የሚያመልጠው ቃለ አጋኖስ?»

«አውች!»

ክፍሉ ሳቀ፤ ተቆጣጣሪውም ፈገግ አለ። ዘጠኙን እያፈራረቀች ስትጠራ ሰዓቱ ነጎደላት። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣ ልጆቹ ጭምቷ የሚሏት ልጅ፣ የዛለ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አላወረደችውም። መምህሯ ደጋግማ አይታታለች፤ አንዴም አልጠራቻትም።

ልጆቹ እየተጋፉ ሲወጡ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ ያለ ንቁ ክፍል አይቼ አላውቅም። እዚህች ጋ ይፈርሙልኝና ልሂድ።»

ወረቀቱ ላይ «ተማሪዎቹ ትምህርቱን በሚገባ ተረድተዋል፤ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይለፉ» ይላል። ከላዩ ያለውን ነጥብ ስታይ ደስ አላት፤ ውሸት ምን ያደርጋል! እስክሪብቶዋን አነሳች።

ጭምቷ አጠገቧ ቆማለች።

«ምነው የኔ ልጅ?»

ልጅቷ ተቆጣጣሪውን በስርቆት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጥያቄ ነበረኝ። ለጥያቄ የትኛው እጅ እንደሚነሳ ግን አልነገሩንም።»

እፍረት የመምህሯን ፊት አጋለው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ስታለማምዳቸው ከልጆቹ አንዱ ሊጠይቅ ይችላል ብላ አላሰበችም። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ችግር አለ እንዴ?» አለ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ።

«አለ» አለች። በሚገባ ተረድተዋል የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመረችበትና ከሥሩ «አርባ ሦስቱ አልገባቸውም» ብላ ጽፋ ፈረመች። ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው መለሰችለት። እሱ ቆሞ ሲያነብ፣ እሷ ለጭምቷ ወንበር ሳበችላት።

«በይ ተቀመጪ» አለቻት። «ጥያቄሽ ምን ነበር?»