"መጣሁ" አይባልም

"ጋሮምሳ፣ አለህ?" አለች ጉዲቱ በእጅ ሬዲዮዋ።

"አለሁ።" ከድምፁ ኋላ ፍየል ጮኸች።

ጉዲቱ የእንግዳ መቀበያው ደረጃ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቅድም ስትጠራውም ይህችው ፍየል ጮኻለች፤ ቁርስ ሰዓት ላይም እንዲሁ። መጀመሪያ "አለሁ"፣ ቀጥሎ ፍየሏ። ምን ዓይነት ፍየል ናት ተራዋን ጠብቃ የምትጮኸው? ግቢውን ቃኘችው፤ እንኳን ፍየል፣ ዶሮ የለም። የላንጋኖ ነፋስ ብቻ የግራሩን ቅርንጫፎች ያፋጫል።

ይህን ሎጅ ማስተዳደር ከጀመረች ወዲህ ሕጓ አንድ ነው፤ ስትጠራ "አለሁ" ይባላል። ሰው ለጉዳይ ብድግ ሲል "መጣሁ" ብሎ ይወጣ የለ? እዚህ ግቢ "መጣሁ" አይባልም። ሠራተኞቹ ዕብደት ነው እያሉ ያሟታል። ምን ያድርጉ፣ አያውቁ! ልጅ ሳለች እናቷ ኩየራ፣ አክስቷ በር ላይ አስቀምጣት "መጣሁ" አለቻት። ይኸው እስከ ዛሬ እየመጣች ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን የሰጣት ሰው ሁሉ ሳይመለስ የሚቀርባት ይመስላታል፤ አንድ ሠራተኛ ፈቃድ በጠየቃት ቁጥር ያ የአክስቷ በር ትዝ ይላታል። ስለዚህ ቁጥጥሩን ታጠብቃለች፤ ባጠበቀች ቁጥር ደግሞ ጥለዋት ይሄዳሉ። የሎጁ ባለቤት አቶ አብተው ትናንት ከአዳማ ደውለው፣ "ነገ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። አንድ ሰው ጎድሎ ካገኘሁ አንቺም ሻንጣሽን አዘጋጂ" ብለዋታል። ቀልድ አያውቁም።

ወደ ሐይቁ ወርዳ ጋሮምሳ የሚሠራበት የውኃ ሞተር ክፍል በር ላይ ደረሰች። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። በመስኮቱ ስታይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጃኬቱ ተንጠልጥሏል።

"ጋሮምሳ፣ አለህ?" አለች ቀስ ብላ።

"አለሁ" አላት እጇ ላይ ያለው ሬዲዮ። ፍየሏም ጮኸች። ክፍሉ ውስጥ ግን ዝንብ እንኳን አልተነቃነቀም።

ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠች። ግማሹ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አጠገቡ ቢላዋ፤ ሰው የለም።

"ሊዲ፣ አለሽ?"

"አለሁ" አለች ወጥ ሠሪዋ ሊዲ፣ ከሬዲዮው ውስጥ፤ ሊዲ በሌለችበት ወጥ ቤት መሐል።

አትክልተኛውን ኢተፋን ፍለጋ ወጣች። የውኃ ጎማው ክፍቱን ተጥሎ ውኃው በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። ኢተፋም "አለሁ" አላት። ሁሉም አሉ፤ ማንም የለም።

"በኢየሱስ ስም!" አለች ጉዲቱ።

ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ስትከፍት ሚልካን አገኘቻት። ክፍል አጽጂዋ ሚልካ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ሬዲዮ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች።

"ውይ ጌታዬ! እትዬ፣ አስደነገጡኝ!"

"ሰዎቹ የት ናቸው?"

ሚልካ ስልኩን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ጉዲቱ ስልኩን ነጠቀቻት። የሠራተኞቹ ስም በተራ ተደርድሯል። የጋሮምሳን ስትነካው "አለሁ" አለ፤ ፍየሏም አልቀረች።

"ፍየሎች ግቢ የገቡ ቀን ነው ድምፃችንን በስልክ የቀዳነው" አለች ሚልካ። "ለቀልድ ነበር። ኋላ አንዱ ሻወር ሲገባ፣ አንዱ ሱቅ ብቅ ሲል፣ ሌላው ድምፁን በሬዲዮ ያሰማለት ጀመር።"

"ዛሬስ?"

"የጋሮምሳ እናት አርፈዋል፣ እትዬ። ሁሉም ነገሌ ለቀብር ሄደዋል። እኔ ድምፃቸውን እንዳሰማ ቀረሁ።"

ጉዲቱ ግድግዳውን ተደገፈች። በቀደም ጋሮምሳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ "እናቴ በጣም ታማለች፣ ልያት" ብሏት ነበር። "ያረፉትን እንግዶች እንሸኝና" አለችው። እሱም ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

"በሕይወት አገኛት?"

"አልደረሰም። አርፈው ነው የተነገረው።"

"ታዲያ ለእኔ እንዴት አይነገረኝም? ለቅሶ እኮ ነው! ለቅሶ ይደበቃል?"

"አይቆጡኝ እንጂ… ከነገርናት ትከለክለናለች ብለው ነው።"

አልከለክልም ነበር ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ሰው የተጣላውን ሰው እንኳን ለቅሶ ይደርሳል፤ የራሷ ሠራተኞች ግን ሞት ደብቀውባታል። አፈረች። ዕንባዋ መጣ። እንዳይሄዱባት ብላ ይህን ሁሉ ስትደክም፣ ለካ ሄደው አልቀዋል፤ ከድምፃቸው ጋር ነው የምትኖረው።

ስልኳ ጠራ። አቶ አብተው ናቸው።

"ቡልቡላን አለፍን። ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ አይደል?"

ሚልካ የራሷን ስልክ መልሳ ወስዳ ወደ ጉዲቱ ስልክ አስጠግታ "ላሰማቸው?" አለች በሹክሹክታ። ጣቷ የጋሮምሳ ስም ላይ ነው።

"ሄሎ? ጉዲቱ፣ አለሽ?" አሉ አቶ አብተው።

ጉዲቱ የሚልካን እጅ ያዘች።

"የለሁም፣ ጋሼ። ማንም የለም። የጋሮምሳ እናት ሞታ ነገሌ ቀብር ላይ ናቸው፤ እኔም መሄዴ ነው።"

"ምን? እንግዶቼን ምን ልበላቸው?"

"ለቅሶ ነው ይበሏቸው። ሻንጣዬን ስመለስ አዘጋጃለሁ።"

ዘጋችው። ሬዲዮዋን አጥፍታ አንሶላው ላይ ጣለችው።

"ተነሺ፣ አብረን እንሄዳለን። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ አናጣም።"

"ነጠላዬን ብቻ ከክፍሌ ላምጣ፤ መጣ…" ሚልካ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

"ጨርሺው" አለች ጉዲቱ።

"መጣሁ።"

ልጅቷ ሮጣ ከቤቶቹ ኋላ ተሰወረች። ጉዲቱ በሩ ጋ ቆመች። ግቢው ጭር ብሏል፤ የኢተፋ ውኃ ብቻ ይፈስሳል። ሚልካ ቆየች። የጉዲቱ እጅ ወደ ወገቧ፣ ሬዲዮው ወደሚንጠለጠልበት ሄደ፤ ባዶ ነው። ስሟን ጮኻ ልትጣራ አሰበች፤ ከዚያ ተወችው፤ ዝም ብላ ጠበቀቻት።