እናቴ በባንዱ አውቶቡስ ላይ

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን እንቅልፍ ከድቷት ጠፋ። አራት ወር ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን ይነጋል። ሐኪሙ ኪኒን ሰጣት፣ ጎረቤቶች ምክር ሰጧት፤ ኪኒኑ አፏን አደረቀው፣ ምክሩ ጆሮዋን አሰለቸው እንጂ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

እኔ የሮክ ባንድ ድራመር ነኝ። በዚያው ሰሞን በአንድ ወር አሥራ ሁለት ከተማ ልንዞር ነበር። እሷን እንዲህ ሆና ጥዬ መሄድ ከበደኝ። ባንዱን ለምትመራው ለዘፋኛችን ብነግራት ብዙም ሳታስብ «ይዘሃት ና» አለች። የምንነሳ ዕለት ጠዋት ጊታር ተጫዋቻችን፣ ቅጥነቱን አይተን ሽቦ የምንለው፣ የዕቃውን ዝርዝር ይዞ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመና «ድራም አንድ፣ ስፒከር ስድስት፣ እናት አንድ!» ብሎ ጮኸ።

እናቴ ሰማችው። «ልጄ፣ ተሰባሪ ናት ብለህ ጽፈህበታል?» አለችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሁላችንም እናት ሆነች።

ከተማውን ሳንለቅ ነዳጅ ቀድተን መንገድ ቀጠልን። ዞር ብዬ ሳያት ራሷን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሾፌሩን «እባክህ ቀስ እያልክ ንዳ» አልኩት።

«ቀስ ካልኩማ ትነቃለች» አለኝ። እውነቱን ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ሳልወለድ እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ አገር ላገር ትዞር እንደነበር በወሬ አውቃለሁ። ለካ ሰውነቷ አልረሳውም።

የዚያ ጉዞ ቀናት አሁን ሳስባቸው ይቀላቀሉብኛል። ዝናብ ያራሰው መንገድ፣ በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚፈሱ ዛፎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መጋረጃ ያላቸው የሆቴል ክፍሎች። ጠዋት ስነቃ የት እንዳለሁ ለማወቅ ጣሪያውን ትክ ብዬ አያለሁ፤ ጣሪያ ደግሞ ስም የለው። ዘፋኛችን ሕዝቡን በሌላ ከተማ ስም ሰላም እንዳትል የደረስንበትን መዳፏ ላይ ትጽፋለች። እናቴ ይህን ሁሉ በእንቅልፍ ታልፈዋለች። ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ድምፅ ስንፈትሽ እንኳ ከድራሜ ጀርባ የታጠፈ መጋረጃ ላይ ጋደም ብላ፣ እኔ እየደበደብኩ እሷ ትተኛለች። እጄን ሳቆም ግን ብድግ ትላለች።

«ምነው፣ ደረስን እንዴ?»

«አልደረስንም እማዬ።»

«በል ቀጥል» ብላ ትመለሳለች።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጭጋግ ውስጥ እየተጓዝን ሳለ፣ አውቶቡሱ ሳይቆም፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ነቃች። መስኮቱን በእጇ ጠርጋ ውጪውን አየች።

«አቁም በለው» አለችኝ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም። እህቴ እዚህ ናት።»

አክስቴን ያየኋት ልጅ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ቤታችን መጥታ እናቴን «ባልሽ ቤቱ መንገድ ነው። አንቺ ማረፊያው ነሽ እንጂ ሚስቱ አይደለሽም» አለቻት። እናቴ በሩን ከፍታ አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ተኳርፈው ኖሩ። አባቴ ሲሞትም እናቴ «ለሷ እንዳትነግሩ» ብላ ሁላችንንም አስምላናለች።

ሾፌሩ የአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ካለ ድልድይ ጋ አቆመ። አክስቴ ላውንደሪ እንዳላት እናቴ ታውቅ ነበር፤ የጠየቅነው የመጀመሪያው ሰው በጣቱ አሳየን። ስንገባ ክፍሉን እንፋሎት ሞልቶታል። ከባንኮኒው ኋላ አንዲት ሽበታም ሴት ካውያ ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ አየችን። ካውያውን አስቀመጠች።

«እትዬ» አለች እናቴ።

«ሰምቻለሁ» አለች አክስቴ። «አንድ ደንበኛዬ ነገረኝ። ሱቄን ሦስት ቀን ዘግቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ማን ሞተብሽ ሲሉኝ፣ የእህቴ ባል አልኳቸው። እህት አለሽ እንዴ? አሉኝ።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። አክስቴ ከቅርጫቱ አንድ ትልቅ አንሶላ አወጣችና አንዱን ጫፍ ወረወረችላት።

«ያዢ እስቲ። ይኼ ለብቻ አይታጠፍም።»

ያዘች። ዘረጉት፣ ወጠሩት፣ አጠፉት፤ ጫፍና ጫፉን ለማገናኘት ተጠጉ። እጃቸው ሲነካካ እናቴ አንሶላውን ለቀቀችውና እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ሳልነግርሽ ቀበርኩት» እያለች አለቀሰች። አክስቴም «ይህ ክፉ አፌ፣ እኔ ነኝ ያስቀየምኩሽ» ትላለች። ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ውጪ ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። ሽቦና ዘፋኛችን ድልድዩ ላይ ቁጭ ብለው ወንዙን ያያሉ፤ ማናቸውም አላጣደፉኝም። በኋላ እናቴ ብቅ ብላ «እኔ እዚህ እቀራለሁ» አለችኝ።

«እንቅልፍሽስ?»

«ካልመጣም ሁለት ሆነን እንጠብቀዋለን።»

የዚያን ዕለት ማታ መድረክ ላይ በጣም መጥፎ ተጫወትኩ። ምቱን እያፈጠንኩባቸው ዘፋኛችን ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ። በማግስቱ ማለዳ ስደውል ስልኩን ያነሳችው አክስቴ ናት።

«ተኛች?»

«የት ትተኛለች! የሃያ አምስት ዓመቱን ስታወራልኝ አደረች። አሁን እያንቀላፋሁ የሰው ሸሚዝ ላቃጥል ነው!» ከኋላዋ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።

ዙሩን ጨርሰን ስንመለስ ልወስዳት ጎራ አልን። ሽርጥ ታጥቃ፣ ፊቷ ሞላ ብሎ ወጣች። ሻንጣ አልያዘችም።

«አሁን ይመጣል» አለችኝ፣ እንቅልፉን ማለቷ ነው። «ሰዓቱን አያከብርም፤ ግን ይመጣል።»

«ቤቱስ እማዬ?»

«ቤቱ የትም አይሄድ። አንተ እደርበት።»

አክስቴ ግን ባንዱን በተሸበሸበ ልብስ የምትሸኝ አይደለችም። የመድረክ ልብሳችንን ሁሉ ሰብስባ አጥባ ተኮሰችልን። ስናነሳው ሽቦ ጉልበቱ ላይ ሆን ብሎ የቀደደው ጂንስ፣ ያ ደጋፊዎቻችን ሁሉ የሚያውቁት፣ ቅዳዱ በጥንቃቄ ተሰፍቶ፣ በመስመር ተተኩሶ ነበር። ሽቦ አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ብርድ ሊገድልህ ነበር፣ የኔ ልጅ» አለችው አክስቴ።

ሽቦ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። አውቶቡሱ ውስጥ ስንሳለቅበት ዋልን፤ እሱ ግን ጂንሱን ለብሶ በመስኮቱ ያያል። ስፌቱን እስከ ዛሬ አልተረተረውም።