ሰባ ሰባት ጧት

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው የሐምሌ ዝናብ አባርቶ፣ በኮልፌ ባሕር ዛፎች መካከል ነጭ ጭጋግ ተኝቶ ነበር።

ባላምባራስ ተክለማርያም ወደ ጓሮ ወጥተው ግራና ቀኝ ተመለከቱ። አጥሩ ረጅም ነው፤ የግቢው በር ተቀርቅሯል። ካባቸውን አውልቀው ለአሽከራቸው ለወዬሳ ሰጡት። ከዚያም በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሹመት ከተቀበሉ ወዲህ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ሮጡ።

የሮጡት እስከ ማድ ቤቱ ጥግ ነው። እዚያ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ወዬሳ ከኋላቸው ነበር። በአንድ እጁ ካባውን፣ በሌላው በርጩማ ይዟል፤ ሹም ያለ ተከታይ አይወጣምና በሩጫውም ተከትሏቸዋል። በርጩማውን አቀረበላቸው። ተቀመጡ።

«ስንት ዙር ሆነ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«ሩብ፣ ጌታዬ።»

የነገሩ መነሻ ትናንት ማታ የደረሳቸው ወሬ ነው። አስኮ ያገባችው ልጃቸው ቀለመወርቅ ሐምሌ ስምንት ቀን ሴት ልጅ ተገላግላለች። ለባላምባራስ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ቀለመወርቅ ስም የማውጣቱን ነገር ለአባቷ ሰጥታ ነበር፤ አማቷ እመት ወለተጻድቅ ግን አንድ ቃል ጨመሩበት። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ፣ ጧት በአንድ ሰዓት ትጠመቃለች፤ ያለ ስምም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አትወጣም። አያትየው በሰዓቱ ከተገኙ ስሙን ያውጡ፤ ካልተገኙ እርሳቸው ያወጣሉ። ሰዓቱን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው የቆረጡት ራሳቸው እመት ወለተጻድቅ ነበሩ።

ከኮልፌ እስከ አስኮ በበቅሎ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዳሩ ግን በቅሎዪቱን ጣልያን ለጦር ጓዝ ብሎ ከወሰዳት ዓመት አልፏል፤ በሰፈሩም የተረፈች በቅሎ የለችም። በዋዜማው ሄደው እንዳያድሩ፣ ባላምባራስ የቀድሞ መንግሥት ሹም ናቸውና በየዕለቱ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ኬላ ቀርበው በመዝገብ መፈረም አለባቸው፤ ከቤታቸው ውጭ ማደርም ተከልክለዋል። ሰዓት እላፊው የሚነሣው ጧት በአሥራ ሁለት ነው። በእጃቸው ያለው እንግዲህ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ባላምባራስ ደግሞ ቅርባቸው ወዳለው ኬላ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ቆመው ያርፋሉ።

ያን ጧት ጨምሮ ሰባ ሰባት ጧት ነበራቸው።

በአራተኛው ቀን ወዬሳ ፈራ ተባ እያለ አንድ ነገር ተናገረ። ወዬሳ የሰበታ ሰው ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጌታው ከበቅሎ ላይ ተቀምጠው እርሱ ከጎን ሮጧል።

«ጌታዬ፣ በጣም ይፈጥናሉ» አለ።

«እኔ ነኝ የምፈጥነው? ማድ ቤቱን አላለፍኩም እኮ።»

«ያላለፉት ስለሚፈጥኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን ዘርዝሮ ነገራቸው። ጌታው በመንገድ ላይ ወሬ መጠየቅ ይወዱ ነበር፤ ይህ ማሳ የማን ነው፣ ያ ሰው የማን ወገን ነው፣ ወንዙ ሞልቷል ወይ። ወዬሳ እየሮጠ መመለስ ነበረበት። አለክልኮ የመለሰ እንደሆነ ጌታው አልሰማሁም ይላሉ፤ ያንኑ ነገር እንደገና መናገር ይሆናል። ስለዚህ ለራሱ መላ አበጀ። መናገር እስከሚያቅተው ድረስ አይሮጥም። እርምጃውን ያሳጥራል፤ አየሩን በአፍንጫው ይስባል፤ ዳገት ሲሆን አንገቱን አይደፋም። ንግግሩ ካልተቆራረጠ ሩጫው ልክ ነው።

ባላምባራስ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጡ የወዬሳን እግር ተመለከቱ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእግራቸው ሥር አንድ ትምህርት ሲደረጅ፣ እርሳቸው የሚያዩት የበቅሎዪቱን ጆሮ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ጠይቀኝ» አሉና ተነሡ።

የወዬሳ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሮጡት መቼ ነው የሚል ነበር። ባላምባራስ በትናንሽ እርምጃ ዱብ ዱብ እያሉ መለሱ። ቡልጋ ነው፤ የተልባ ማሳ ውስጥ፤ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ታላቅ እኅታቸው ትርንጎ ቆባቸውን ነጥቃ ሮጠች፤ ተከተሏት፤ አልደረሱባትም። በዚያው ዓመት እርሳቸው ወደ ጌታ ቤት ተላኩ፤ ቀስ ብሎ መራመድን ተማሩ። እርሷ በኩፍኝ ሞተች። ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ማድ ቤቱን አልፈው፣ የእንጨት ቤቱን አልፈው፣ ከተነሡበት ቦታ ደርሰው ነበር። አንድ ዙር ሞላ። ባላምባራስ እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮው ወሬ በወሬ ሆነ። ሰውየው ሲጠየቁ ሳይሆን ሲጠይቁ የኖሩ ናቸውና፣ ሳምንት ሳይሞላ መጠየቁን ራሳቸው ጀመሩ። የበቅሎዪቱን ዕድሜ፣ የእናቷንም ዘር ያውቁ ነበር፤ ወዬሳ ሦስት ልጆች እንዳሉት ግን የሰሙት በሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን፣ በስድስተኛው ዙር ላይ ነው። የልጆቹን ስም እየሮጡ አጠኑት፤ ዱሬቲ፣ ደበላ፣ ገሜዳ። ሲሳሳቱ ወዬሳ ያርማቸዋል፤ ከዙሩም አንድ ይጨምርባቸዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌማርያም ይህን ሁሉ በማድ ቤቱ በር ሆነው ያዩ ነበር። ባላምባራስ ከሩጫው በኋላ ክንዳቸው እንዲጠነክር ዘነዘናውን ሃያ ጊዜ ማንሣትና ማውረድ ሲጀምሩ ሳያስታጉሉ ተመለከቷቸው። በሦስተኛው ቀን ሙቀጫውን ጎትተው ከፊታቸው አኖሩ።

«ካነሡት አይቀር፣ ከሥሩ በርበሬ ቢኖር ምን ይጎዳዎታል?»

ባላምባራስ ቅር ለማለት አሰቡ፤ ነገር ግን ትንፋሻቸውን ለቁጥሩ ፈለጉት። ኋላ አስኮ የተላከው የክርስትናው ድግስ በርበሬ የተወቀጠው በዚህ ዓይነት ነው፤ እያነጠሱ፣ እየቆጠሩ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ራህማ በአጥሩ ማዶ ሆነው የእግሩን ኮቴ ሰምተው ጥጃ ገዛችሁ እንዴ ብለው ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም አዎን፣ ሽማግሌ ጥጃ ነው፣ አልለመደም ብለው መለሱላቸው።

ነሐሴ ጭቃ ነበር። ባላምባራስ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመውደቃቸው በፊት የጀመሩትን ወሬ ከጭቃው ውስጥ ሆነው ጨረሱት። በቤቱ ዙሪያ ሣሩ አልቆ ቀይ መንገድ ወጣ። ዶሮዎቹ ሰዓቱን ለምደው ጥግ ይይዙ ነበር። በርጩማው በሦስተኛው ሳምንት ከቤት ሳይወጣ ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነገር ተለወጠ። በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም፤ ከኋላ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ፍጥነት ሊያስተምር አይችልም። ባላምባራስ ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያም መንገድ ለቀቁ። ወዬሳ ከፊት ሆነ፤ ባላምባራስ ተክለማርያም አሽከራቸውን ተከተሉ።

መቶ ሃያ ዙር እስከ አስኮ ያደርሳል ብሎ ወዬሳ ገምቶ ነበር። በጳጉሜን ስድሳ ሞሉ። የመስቀል ዕለት መቶ ዐሥር።

ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ባላምባራስ ሊፈርሙ ኬላ ሲቀርቡ፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አዩ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውሏል። ጥፋቱ መሮጡ ነበር፤ የሚሮጥ ሰው ከማን እንደሚሸሽ ሳይታወቅ አይለቀቅም ተብሏል። ወደ አስኮ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በዚያው ኬላ ያልፋል። ባላምባራስ ፈርመው ተመለሱ፤ ያን ማታ እህል አልቀመሱም። ሰባ አራት ጧት ሮጠው፣ ሩጫው ራሱ ሊያስይዛቸው ነው።

በማግሥቱ በሠላሳኛው ዙር ላይ ነገሩን ለወዬሳ ነገሩት። ወዬሳ ዙሩን ሳያቋርጥ አሰበ።

«ሲሮጥ የማይጠየቅ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው» አለ። «ሸክም ያለው። ሸክም ያለውን ሰው ማንም አያየውም፣ ጌታዬ። እኔን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ማን አየኝ?»

ለቀለመወርቅ የተዘጋጀ አንድ ማሰሮ ቅቤ ነበር። ባላምባራስ በሕይወታቸው በመንገድ ላይ የተሸከሙት ነገር ቢኖር ጠመንጃቸው ነው፤ እርሱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይይዝላቸው ነበር። ማሰሮውን አዩት። ዘነዘናውን አዩት። ከዘነዘናው ይቀላል አሉ።

መስከረም ሃያ ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ ሰዓት እላፊው እንደ ተነሣ ሁለት ሸክም ያላቸው ሰዎች ከባላምባራስ ግቢ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የመንገዱን ዳርና ዳር አደይ አበባ ሞልቶታል። ከፊት ያለው የልብስ ጥቅል ይዟል፤ በውስጡ ካባና ነጭ ኩታ አለ። ከኋላ ያለው አሮጌ ጋቢ አደግድጎ በትከሻው ማሰሮ ተሸክሟል። ወይዘሮ ጽጌማርያም ማሰሮውን ሲያሸክሟቸው የጋቢውን ጫፍ ሁለት ጊዜ አስተካከሉላቸው።

ኬላው ላይ የቆመው ማታ ማታ መዝገቡን የሚያቀርብላቸው ዘበኛ ነበር። እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ነው?»

ወዬሳ ጥቂት ቀድሞ አልፏል፤ ጥያቄው የቆመው በባላምባራስ ፊት ነው። እርሳቸው እርምጃቸውን አሳጠሩ፤ አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡ።

«አስኮ፣ ጌታው። የክርስትና ቅቤ ነው፤ ፀሐይ ሳይመታው ልናደርስ ነው።»

ድምፃቸው በወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ድምፅ ነበር። አልተቆራረጠም፤ የሚሸሽ ሰው ደግሞ እንዲህ አይናገርም። ዘበኛው ማሰሮውን አየ፤ ከማሰሮው በታች ያለውን ሰው ግን አላየም። በእጁ እለፍ አላቸው።

ከኬላው ማዶ ባለው ቁልቁለት ላይ ሳቅ አሸነፋቸው፤ ወዬሳም ሳቀ፤ ሳቅና ሩጫ አብረው አይሄዱምና ጥቂት መንገድ በእግር ተራመዱ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ዳገቱ ክፉ ነበር። በእኩሌታው ላይ የባላምባራስ ደረት ተቃጠለ፤ ማሰሮው ከበደ፤ አፋቸው ሊከፈት ሆነ። ወዬሳ ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቀ።

«ስሟን ማን ሊሏት ነው?»

ይህን ለማንም፣ ለወይዘሮ ጽጌማርያም እንኳ አልነገሩም። ነገር ግን የጓሮው ሕግ ሕግ ነው፤ በሩጫ ላይ የተጠየቀ ይመልሳል። እርምጃቸውን አሳጠሩ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ትርንጎ» አሉ።

ወዬሳ ሌላ አልጠየቀም። ዳገቱ አለቀ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሕፃኗ ተጠምቃ በክርስትና እናቷ እቅፍ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። እመት ወለተጻድቅ ወደ በሩ አንድ ጊዜ አይተው፣ መንገድ ርቋቸው ይሆናል ብለው፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። በዚህ ጊዜ አንድ ማሰሮ የተሸከመ ሽማግሌ እየሮጠ በበሩ ገባ። እመት ወለተጻድቅ ተሸካሚው ቅቤውን በዚያ በኩል እንዲያወርድ አዘዙ።

ቀለመወርቅ ግን አባቷን በአረማመዳቸው ልታውቃቸው አልቻለችም፤ እንዲህ ሲሄዱ አይታቸው አታውቅምና። ያወቀቻቸው የእመት ወለተጻድቅን ትእዛዝ ሰምተው ሲስቁ ነው። አፏን በኩታዋ ጫፍ ያዘች።

ባላምባራስ ማሰሮውን በታዘዙበት ቦታ በጥንቃቄ አወረዱ። ወዬሳ ካባውን ሊያለብሳቸው ጥቅሉን ፈታ፤ በእጃቸው አስቆሙት። በአሮጌው ጋቢ እንዳሉ ወደ ሕፃኗ ቀረቡ።

«ትርንጎ ትባል» አሉ። ቃሉ አልተቆራረጠም።

እመት ወለተጻድቅ ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከቷቸው፤ ጭቃውን፣ ላቡን፣ በትከሻቸው ላይ የቀለጠውን ቅቤ። ከዚያም የሚቀጥለውን ልጅ ክርስትና በአሥራ ሁለት ተኩል እንደሚያደርጉት ተናገሩ፤ ባላምባራስም ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ብቻ ነው የሚኖረኝ፣ ከዛሬ ልጀምር አሉ። ካህኑ ሳይቀሩ ሳቁ። ወዬሳ ከምሳው ማዕድ ከባላምባራስ ቀኝ ተቀመጠ፤ በርበሬውንም ሁሉም አመሰገነ።

በዚያው ዕለት ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ባላምባራስ ተክለማርያም ኬላ ቀርበው በመዝገቡ ላይ ፈረሙ።