የአባቴ ሱሪ ወገብ

አባቴ ወድቆ የተሰበረው የዳሌ አጥንቱ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው።

በሦስተኛው ቀን «ሱሪው ያዘኝ» አለኝ። መርፌና ክር ከኪሴ ስለማይጠፋ ወገቡን ተርትሬ ሁለት ጣት ያህል ለቀቅሁለት። በማግስቱ ጠዋትም «አሁንም ያዘኝ» አለ። በሜትሬ ለክቼ ደግሜ ለቀቅሁለት። ተኝቶ ሲበላ ወፈረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝነቴ!

ቀትር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ልለቅለት ሜትሬን ጠመጠምኩ። ከጠዋቱ በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ወደ ነርሷ ሮጥኩ።

«ሲስተር፣ የአባቴ ወገብ ከጠዋት ወዲህ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጨመረ።»

«በምን ለካኸው?»

ሜትሬን አሳየኋት። ሳቀች፤ ቢሆንም ወዲያው መጥታ ሆዱን ዳሰሰች።

«አባባ፣ ጋዝ ይወጣልዎታል?»

«ኧረ ልጄ፣ ከተኛሁ ወዲህ እሱም አኩርፎኛል።»

ሳቋ ጠፋ። ዶክተሩን ጠራች፤ ራጅና ሲቲ ስካን ተነሳ።

«ትልቁ አንጀት ሥራ አቁሞ በአየር ተነፍቷል» አለኝ ዶክተሩ። «የዘጋው ነገር የለም። አረጋውያን ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይከሰታል። ዝም ካልነው ግን ሊፈነዳ ይችላል።»

ያን ሁሉ ሰዓት እኔ ሱሪ ስለቅ ነበር።

ምግብ ተከለከለ፤ አንጀት የሚያደነዝዘው ጠንካራ ማስታገሻ በሌላ ተቀየረ፤ በአፍንጫው ቱቦ ገባ፤ በደሙ የጎደለው ፖታሲየም በግሉኮስ ተሰጠው። በየጊዜው በጎኑ እናገላብጠዋለን። እኔም በዶክተሩ ትእዛዝ በየሁለት ሰዓቱ እለካለሁ። በሁለተኛው ቀንም የሆዱ ልክ አልጎደለም።

«አንጀቱን የሚቀሰቅስ መድኃኒት እንሰጠዋለን» አለ ዶክተሩ። «ልብን ሊያዘገይ ስለሚችል ከአጠገቡ አንለይም።»

የልብ መቆጣጠሪያው ተገጠመ፤ መድኃኒቱ በደም ሥሩ ቀስ ብሎ ገባ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አባቴ ፊቱን ቋጠረ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

«ይቅርታ ልጆቼ» አለ አፍሮ።

«ምን ይቅርታ አባባ፣ ይድገሙት እንጂ!» አለች ነርሷ።

«ተመስገን፣ ጎረቤቴ ካኮረፈው ጋር ታረቀ!» አሉ ከማዶ አልጋ ያሉት ሽማግሌ።

እስኪመሽ ሆዱ ሟሸሸ። ዶክተሩና ነርሷ ሊወጡ ሲሉ ላመሰግናቸው ተነሳሁ፤ ግን ሜትሬን መጠቅለል ያዝኩ።

«ይሄ ልጄ አንደበት የለውም» አለ አባቴ፤ «እኔ ላመስግንላችሁ።» ዳግም አፉን ከመክፈቱ በፊት ሌላ ድምፅ ቀደመው።

ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ። ከዚያም የሁለቱንም እጅ ይዤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ አባቴን መለሳችሁልኝ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እየሰማ።